አመድ የነካው ዘንግ

መኪና ሥር የገባ ሰው አይወጣም ብዬ አሥራ አምስት ዓመት ኖርሁ። ምን አይተሽ ነው ብትሉኝ፣ ባሌን አይቼ ነው። ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ካለው ቀበሌያችን ከሰል በሚያመላልስ የጭነት መኪና ላይ ጫኝ ነበር። አንድ የጋለ ቀትር ላይ መኪናው ቁልቁለት ላይ ቆሞ ሳለ ጥላ ፍለጋ ከሥሩ ገብቶ ጋደም አለ። ሾፌሩ ሻይ ቤት ነበር። ማንም ሳይነዳው፣ ማንም ሳይነካው፣ መኪናው በራሱ ጊዜ ተንሸራተተ። ጩኸት ሰምቼ ስደርስ ከመኪናው ሥር ወጥቶ የታየኝ እግሩ ብቻ ነበር።

ልጄ ትርንጎ ያን ጊዜ ሰባት ዓመቷ ነው። ሌላ ልጅ የለኝም።

እኔ ትምህርቴ ሦስተኛ ክፍል ላይ የቆመ፣ አረቄ አውጥቼ ጥሊሊ ከተማ ለሚቸረችሩ ሴቶች የማስረክብ ሰው ነኝ። ልጄን ያስተማርኋት ከዚያችው ገንቦ በሚንጠባጠበው ነው። አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ ዳንግላ ቴክኒክና ሙያ ስትገባ «ምን ልትማሪ ነው?» አልኋት።

«አውቶሞቲቭ።»

ቃሉን አላውቀውም። የቢሮ ነገር መሰለኝ። «እግዜር ይግለጥልሽ» ብዬ ግንባሯን ስሜ መረቅኋት። ጨርሳ እዚያው ዳንግላ ጋራዥ ተቀጠርሁ ስትለኝም መዝገብ የምትይዝ፣ ደረሰኝ የምትቆርጥ ነበር የመሰለኝ። እሷ አልዋሸችኝም፤ እኔም አልጠየቅኋትም። ለካ የመረቅኋት ለዚያው ለምፈራው ነገር ኖሯል።

ይህን ያወቅሁት ባለፈው ግንቦት ነው። ጎረቤቴ ዘመድ ጥየቃ ዳንግላ ደርሳ ተመለሰችና ገበያ ላይ አገኘችኝ።

«ልጅሽን አየኋት» አለችኝ።

«ደኅና ናት?»

«እኔ ምን አውቄ? መኪና ሥር ተንጋላ ነበር። የታየኝ እግሯ ብቻ ነው።»

ሴትዮዋ ክፋት አልነበራትም። ያችን ቃል ከሰማሁ በኋላ ግን ገበያዬን ሳልጨርስ ወደ ቤቴ ተመለስሁ። በማግሥቱ ጠዋት ገንቦዬን ከምድጃ አውርጄ፣ ቤቴን ቆልፌ፣ እንጅባራ ሚኒባስ ለውጬ ወደ ዳንግላ ሄድሁ። የምላትን በመንገድ ሁሉ ስደረድር ነበር። እንጅባራ የጽዳት ሥራ አለ ብለውኛል፤ እሱም ካልሆነ አረቄውን አብረን እናወጣለን፤ ዛሬ ማታ ከልጄ ጋር ቤቴ አድራለሁ አልሁ።

ጋራዡ ቆርቆሮ አጥር ያለው፣ መሬቱ ዘይት ጠጥቶ የጠቆረ ግቢ ነው። በሩ ላይ ነጭ ቆብ ያደረጉ ሽማግሌ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጠዋል። ኋላ እንዳወቅሁት ባለቤቱ ጋሽ ሰይድ ነበሩ። ዕድሜያቸውን በሙሉ የከባድ መኪና መካኒክ ሆነው ሠርተው፣ አሁን ስኳር ዓይናቸውንም ጉልበታቸውንም አድክሞባቸዋል።

«ማንን ነው የምትፈልጊ፣ እታለም?» አሉኝ።

«ልጄን።»

«ማናት ልጅሽ?»

«መኪና ሥር ያለችው።»

ሳቅ አሉና ወደ ውስጥ ተጣሩ፤ «ትርንጎ! እናትሽ መጥታለች!»

ከአንዲት አሮጌ ነጭ መኪና ሥር መጀመሪያ እግር፣ ቀጥሎ ሰማያዊ ቱታ፣ በመጨረሻ ፊት ወጣ። ጉንጯ ላይ ጥቁር ዘይት አለ። አየችኝና ደነገጠች።

«እማ? ማን ሞተ?»

«እስካሁን ማንም» አልኋት። «ልብስሽን ሰብስቢ፤ እንሄዳለን።»

ምክንያቱን አልጠየቀችኝም፤ ዓይኔ መኪናው ሥር እንደ ተተከለ አይታ ገብቷታል። እጇን በጨርቅ እየጠረገች ቆመች። መልስ የሰጠኝ የመኪናይቱ ባለቤት ነው። አዱኛ ይባላል፤ በታክሲነት የሚሠራባት ደልደል ያለ ጎልማሳ።

«እናቴ፣ ዛሬን ብቻ ይተዉልኝ። ነገ ጠዋት ከአዘና ሙሽራ ላመጣ ቃል ገብቻለሁ። ይችን ጉደኛ ይዩዋት» ብሎ ከሥሯ ካርቶን ሳብ አድርጎ አሳየኝ። ካርቶኑ በዘይት ርሶ ጠቁሯል። «በቆመችበት ደጃፍ ሁሉ እንደ ጥጃ ትሸናለች። ሌላ ቦታ ሁለቴ አሠርቻት ሁለቴም ፈሰሰች። ሙሽራ ጭኜ ዘይቱ አልቆ ካምቢዮው ቢደርቅብኝ ምን ይውጠኛል?»

«የራስህ ጉዳይ ነው፤ እኔ ያለችኝ አንድ ናት» አልሁት።

ትርንጎ ወደ እኔ ቀረበች። ልጅ ሳለች ጀምሮ ስትቆጣ ድምፅዋ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም።

«እማ፣ ይችን መኪና ልጨርሳት። ጨርሼ ከዚህ እስከ ዘንገና፣ እኛው ሰፈር ድረስ እንነዳታለን። እዚያ አቁመን ከሥሯ ንጹሕ ካርቶን እናነጥፋለን። አንዲት ጠብታ የካምቢዮ ዘይት ከወደቀች ቱታዬን አውልቄ ቤት እገባለሁ፤ ሁለተኛ ጋራዥ አታይኝም። ካልወደቀች ግን ሁለተኛ ውጪ አትይኝም።»

«በማን ይሁንብሽ?»

«በአባቴ አጥንት።»

እንዲህ ያለ መሐላ በኛ ዘንድ አይፈርስም። ጋሽ ሰይድ ከጎማቸው ላይ ሆነው «ምስክር ነኝ» አሉ። እኔም እሺ አልሁ። ሁለቴ ተሠርታ ሁለቴ የፈሰሰች መኪና ሦስተኛም ትፈስሳለች ብዬ ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በልቤ ያችን ጠብታ ከወዲሁ እያየኋት ነበር።

ሥራውን ስትጀምር መጀመሪያ ያነሣችው ቁልፍም መዶሻም አይደለም፤ ከግድግዳ ሥር ሁለት ጥቋቁር ድንጋዮች አመጣች። አንዱን ከኋላ ጎማው ፊት፣ አንዱን ከጀርባው ወሸቀችና በእግሯ ረግጣ አጠበቀችው። ከዚያ የፊት ጎማውን ቡሎኖች አላላች፤ በክሪክ አነሣች፤ ክሪኩ አጠገብ ወፍራም የብረት ድጋፍ አቆመች። ጎማውን ፈታ ስታበቃም ወደ ጎን አልጣለችውም፤ እሱንም ከመኪናው ሆድ ሥር አጋደመችው።

«ይሄ ሁሉ ለምንድን ነው?» አልኋት።

«አንዱ ቢከዳ ሌላው አለ።»

ይህን አይቼም አላመንሁትም። ስትገባ እግሯ አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ የቱታዋን ጫፍ ጨበጥሁ። መኪናው ቢንቀሳቀስ ጎትቼ ላወጣት ነው ሐሳቤ።

«እማ» አለች ከውስጥ።

«ወይ።»

«እግሬን ልቀቂው፤ ልዞር ነው።»

አዱኛ ፊቱን አዙሮ ሳቀ።

ያረጀውን ዘይት ሳፋ ላይ አፍስሳ አወጣች። ከዚያ ረጅም ብረት አስገብታ ስትነቀንቅ ቆይታ አንድ ዘንግ ከካምቢዮው ውስጥ መዝዛ አወጣች። ክንድ የሚያህል ነው። የካምቢዮውን ጉልበት ተቀብሎ ጎማውን የሚያዞረው እሱ ነው አለችኝ። ጫፉ ጥርስ ጥርስ አለው፤ ከጥርሱ ቀጥሎ አንድ ጣት ተኩል የሚሆን ለስላሳ አንገት አለ። ንጹሕ ማዳበሪያ አንጥፋ አጠገቤ አስቀመጠችውና «ይህን ጠብቂልኝ፤ መሬት እንዳይነካ» አለች።

ቀጥላ ዘንጉ ከወጣበት ቀዳዳ በካቻቢቴ እያባበለች አንዲት ቀለበት ፈልቅቃ አመጣች። ከእጅ አምባር ታንሳለች። ውጭዋ ብረት፣ ውስጧ ጥቁር ላስቲክ። ላስቲኩ እንደ ከንፈር ወደ ውስጥ ታጥፏል፤ ከከንፈሩ ጀርባ ፀጉር የሚያህል የተጠማዘዘ ሽቦ ዙሪያዋን ይዟታል።

«ይችው ናት» አለች። «‹ኦይል ሲል› ይሏታል፤ የዘይት መዝጊያ ናት። ዘይቱን የምትይዘው እሷ ናት። አየሽ፣ አጣምመው መትተው ነው ያስገቧት፤ ከንፈሯ በአንድ ወገን ተበልቷል።»

«ለዚች ነው ይሄ ሁሉ ሰው የሚንጫጫው?»

«ለዚች ነው።»

አዲሷን ሊመርጡ ትርንጎና ጋሽ ሰይድ ማዶ ወዳለው የመለዋወጫ ሱቅ ሄዱ። አዱኛ በር ላይ ስልክ ያወራል። እኔና ዘንጉ ብቻችንን ቀረን።

አሁን የምነግራችሁን ልብ አድርጉልኝ። እጄ ሥራ ፈትቶ መቀመጥ አያውቅም። ዘንጉን ሳየው ቅባት ተጋግሮበት ጠቁሯል። ልጄ ለፍታ ያወጣችው ዕቃ እንዲህ ቆሽሾ እንዴት ተመልሶ ይገባል አልሁ። ጥግ ላይ ሻይ የሚያፈሉበት ምድጃ አለ፤ አመድ ሞልቷል። ድስት የፈተገ እጅ ሌላ ምን ያስባል? ጨርቅ አርሼ፣ አመድ ነክሬ፣ ከጥርሱ ጀምሬ ወደ ላይ ወደ ታች እያልሁ ፈተግሁት። አመዱ ውስጥ አሸዋ ነበረበት፤ ሲያንኮሻኩሽ ይሰማኛል። እንዲያውም ደግ ይፈትጋል ብዬ ጠነከርሁ። አንገቱን እስከ ግማሹ እንዳደረስሁ አዱኛ «እናቴ፣ ሻይ ይጠጡ» ብሎ ጠራኝ። በነጠላዬ ጫፍ ጠርጌው ተነሣሁ።

ሻዩን እየጠጣሁ ሳለ እነ ጋሽ ሰይድ ተመለሱ። ሽማግሌው አጠገቤ ተቀምጠው አዲሷን ቀለበት መዳፌ ላይ አኖሩልኝ።

«ተመልከቻት፣ እታለም። ዘንጉ ቀኑን ሙሉ እንደ እንዝርት ይሾራል። ይች ከንፈር ሳትለቀውም ሳታንቀውም ትነካዋለች። አያድርስና ዘንጉ ላይ የፀጉር ያህል ጭረት ቢኖር ከንፈሯን በልቶ ይጨርሳታል። መቶ ብትቀይሪ መቶም ትፈስሳለች።»

የሻይ ብርጭቆው እጄ ላይ ቀዘቀዘ።

የሠራሁት ወዲያው ገባኝ። ቀጥሎ የመጣልኝን ሐሳብ ግን እስከ ዛሬ ለንስሐ አባቴ ብቻ ነው የተናገርሁት። ዝም በይ አለኝ። እሷ አታውቅም፤ ትገጥመዋለች፤ ዘንገና እስክንደርስ ይፈስሳል፤ መሐላዋ ይይዛታል፤ ልጅሽ ቤት ትገባለች። አስበሽ አላደረግሽውም፤ እጅሽ እንጂ ልብሽ አልበደለም። እንዲህ አለኝ። እኔም ዝም አልሁ። ያችን ሻይ እስከ አተላዋ ጠጥቼ እስክጨርስ ዝም አልሁ።

ትርንጎ ዘንጉን አላየችውም፤ ዓይኗ ቀዳዳው ላይ ነው። በንጹሕ ጨርቅ ደጋግማ ጠረገችው። ከዚያ አዲሷን ቀለበት በግራ እጇ ይዛ፣ የቀኝ ሌባ ጣቷን ዘይት ነክራ፣ ከንፈሯን ዙሪያዋን ቀባቻት። አንድ ዙር፤ ሁለተኛ ዙር። ጣቷን ሳታነሣ፣ ትንፋሿን ይዛ።

ያንን ጣት አውቀዋለሁ። የኔ ጣት ነው። አረቄ ሳወጣ የቀርከሃው ቧንቧ ገንቦው አፍ ላይ በሚገጥምበት ቦታ እንፋሎቱ እንዳያመልጥ በጨርቅና በጭቃ እደፍነዋለሁ። ጣቴን ውሃ ነክሬ ዙሪያውን እዞራለሁ፤ ሁለት ዙር፤ ትንፋሼን ይዤ። እንፋሎቱ በመርፌ ቀዳዳ ካመለጠ የቀን ልፋት ሜዳ ላይ ቀረ ማለት ነው። ልጄ ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ አጠገቤ ኩርምት ብላ ታየኝ ነበር። ይህን ነገር አስተማርሁሽ ብያት አላውቅም።

ሌላ ሰው የኔን ገንቦ በድብቅ ሲበሳው ታየኝ።

«ትርንጎ» አልሁ። ከአፌ የወጣው የአፍ መፍቻዬ አዊኛ ነው፤ ስደነግጥ እንዲያ ነኝ። «ቆይ። ዘንጉን በአመድ ፈትጌዋለሁ።»

ወጥታ መጣች። ዘንጉን አንሥታ ወደ ብርሃን ያዘችው። በአውራ ጣቷ ጥፍር አንገቱን ቀስ ብላ ዳሰሰች። ጥፍሯ ጭረቱ ላይ ሲይዝ እኔም ሰማሁት።

«አመድ?» አለ አዱኛ። «ብረት በአመድ?»

ጋሽ ሰይድ ተቀብለው ዳሰሱት። «ስንት ዘመን ስሠራ ዘንግ እንደ ድስት ሲታጠብ አላየሁም» አሉ። አልተቆጡም፤ ግን ፊታቸው ዳመነ። «ርዝመቱን ነው የጫረችው። ዙሪያውን ቢሆን ይሻል ነበር፤ ርዝመቱን ከሆነ ለዘይቱ ቦይ ቀደደችለት። በቃ፣ ሌላ ዘንግ ከባሕር ዳር ይምጣ።»

«ሙሽራዋስ?»

«ሙሽራዋ በባጃጅ ትምጣ።»

አዱኛ ራሱን ይዞ ተቀመጠ። እኔ መሬት ብትከፈት ደስ ባለኝ። ትርንጎ ቢያንስ እንድትቆጣኝ ጠብቄ ነበር፤ ልቧ ግን ሌላ ዘንድ ነበር። ዘንጉን እያዞረች ታያለች። አሮጌዋን ቀለበት አንሥታ አንገቱ ላይ ሰካቻት፤ አወጣቻት፤ መልሳ ሰካቻት።

«ጋሽ ሰይድ» አለች በመጨረሻ። «ግማሹ ደኅና ነው።»

«እንዴት?»

«እማ አልጨረሰችውም። ወደ ጥርሱ ያለው ተጭሯል፤ ወደ ጎማው ያለው እንደ መስታወት ነው። የድሮዋ ከንፈር ታርፍ የነበረችው እዚህ ነው፤ መስመሯ ይታያል። አዲሷን የክብሪት እንጨት ውፍረት ያህል ወደ ውጭ ባስቀራት ከንፈሯ ከጭረቱ አልፋ ደኅናው ላይ ታርፋለች።»

«እስከ መጨረሻው ካልገባች ትነቀላለች።»

«የቀለበቷ ቤት ጥልቅ ነው፤ ለክቼዋለሁ። ለመያዝ በቂ ነው።»

ሽማግሌው ዘንጉን ወሰዱ። ዓይናቸውን ጨፍነው በጥፍራቸው ደኅናውን ወገን ዞሩት።

«እኔ ብሆን አላደርገውም» አሉ። ዘንጉን መልሰው ሰጧት። «አንቺ ግን አድርጊው።»

በጣም የደቀቀ የብርጭቆ ወረቀት በዘይት አርሳ አንገቱን ዙሪያውን፣ ዙሪያውን ብቻ፣ አለሰለሰችው፤ ከዚያ አጥባ አደረቀችው። የክብሪት እንጨት ላይ በጥፍሯ ምልክት አደረገች። አዲሷን ቀለበት ቀዳዳው ላይ አስተካክላ፣ አሮጌዋን በላይዋ ደርባ፣ በትንሽ መዶሻ ጠቅ ጠቅ ታደርግ ጀመር፤ አንዴ ከላይ፣ አንዴ ከታች፣ አንዴ ከቀኝ፣ አንዴ ከግራ። በየመሃሉ በክብሪቷ ትለካለች። ጋሽ ሰይድ ከውጭ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ።

«ግራው ቀርቷል» ይላሉ።

ጠቅ።

«አሁን እኩል ነው። ተይው።»

ከዚህ ላይ አንድ ነገር ገጠመ። ዘንጉ ሲገባ ጥርሱ የቀለበቷን ከንፈር ሳይነካ በመሃሏ ማለፍ አለበት። አንድ ሰው ከውስጥ ሆኖ ክብደቱን በሁለት እጁ ይደግፋል፤ ሌላው ቀዳዳው ላይ ይመራል። ጋሽ ሰይድ ጉልበታቸው አይታጠፍም። አዱኛ ሊገባ ሞክሮ ሆዱ አላስገባ አለው።

ልጄ ከሥር ሆና አየችኝ። ግቢ አላለችኝም።

«ድንጋዩ አለ?» አልሁ።

«አለ፣ እማ።»

ነጠላዬን አውልቄ ለጋሽ ሰይድ ሰጠሁ። አማተብሁ። በጀርባዬ ተንጋልዬ፣ በተረከዜ እየገፋሁ፣ መኪና ሥር ገባሁ።

ከሥር መኪና ምን እንደሚመስል አስቤ አላውቅም ነበር። ጨለማ ነው ብዬ ነበር። ብርሃን ግን በየቀዳዳው ይገባል። ቱቦው፣ ሽቦው፣ ቡሎኑ፣ ሁሉም የያዘው ነገር አለ፤ ሁሉም በሌላው ላይ ተደግፏል። ደረቴ ላይ ያለው ብረት ስንት ኩንታል እንደሆነ አላውቅም፤ የሚያቆመው ግን ልጄ በእጇ ያኖረችው ነገር ነው። ፊቷ ከፊቴ አንድ ክንድ አይርቅም። እንዲህ በቅርብ ያየኋት ጡት ስትጠባ ነው መሰለኝ።

ዘንጉን በሁለት እጄ ያዝሁት።

«ወደ ላይ ትንሽ» አለች። «በቃ። እንዲያው ያዥው። አትግፊ፤ እኔ ስልሽ ብቻ።»

 የዘንጉን ጫፍ ከቀዳዳው አፍ አስተካከለች። ከዚያ ቀስ ብላ አነጋገረችኝ።

«ያን ቀን ድንጋይ ያደረገለት ሰው አልነበረም፣ እማ። ሁልጊዜ የማስበው እሱን ነው። መኪናው አይደለም የገደለው። አንድ ድንጋይ ነው የጎደለው።»

 እንባዬ በጆሮዬ በኩል ወረደ፤ እጄን ስለማልለቅ አልጠረግሁትም።

«አሁን ግፊ።»

ገፋሁ። ዘንጉ በቀለበቷ መሃል እንደ ሐር አለፈ። ውስጥ ገብቶ «ቀጭ» አለ፤ የአንገት ሐብል ሲቆለፍ እንደሚለው ያለ ትንሽ ድምፅ። ልጄ ነካ አድርጋ ሳበችው፤ አልወጣም። ፈገግ አለች። ጥርሷ የአባቷ ነው።

ወጥተን ጎማው ታሠረ፣ ዘይቱ ተሞላ። ጋሽ ሰይድ ነጠላዬን ሲመልሱልኝ፣ ገንቦዬንና ቧንቧዬን እንዴት እንደምደፍን ነገርኋቸው። «የማልቀምሰውን ነገር አወጣጡን ባታስተምሪኝ» አሉ፤ ትንሽ ቆይተው ደግሞ «ልጅቷ እጇን ከየት እንዳመጣችው ግን አሁን ገባኝ» አሉኝ።

አዱኛ ነዳ፤ እኔ ከፊት፣ ትርንጎ ከኋላ። መንገዱ ላይ ዝናብ አገኘን፤ እንጅባራ ስንደርስ አባራ። እኔ መንገዱን አላየሁም፤ ጆሮዬ ሥሬ ነበር። ዘንገና ስንደርስ ሐይቁ አፋፍ አጠገብ፣ ደልደል ባለ ሜዳ ላይ አቆመ። ፀሐይ ገና አልዘቀዘቀችም። ትርንጎ ካርቶኑን ልታነጥፍ ወረደች። እኔም ወረድሁ፤ ማንም ሳይለኝ ከሜዳው ድንጋይ ፈልጌ አንዱን ከጎማው ፊት፣ አንዱን ከኋላው ወሸቅሁ። በእግሬ ረግጬ አጠበቅሁት። ልጄ ቀና ብላ አየችኝና ካርቶኑን አነጠፈች።

ቆመን ጠበቅን። ዘንገናን ታውቁት እንደሆነ፣ ዙሪያውን በገደል የታጠረ፣ የሚፈስስበት አፍ የሌለው ውሃ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ አጠገቡ ኖሬያለሁ። ይህ ሁሉ ውሃ ተራራ ጫፍ ላይ ምን ይዞት ይቀመጣል ብዬ ያሰብሁት ያን ቀን ነው። ለካ ዓለም የቆመው በመያዝ ነው፤ አንዳች ነገር ከዳር ሆኖ ዝም ብሎ ይይዛል፤ እስኪያፈስስ ድረስ መኖሩን የሚያውቅለት የለም።

«ወደቀ» አለ አዱኛ።

ካርቶኑ ላይ አንዲት ክብ ምልክት አለች። «አትሁን» አልሁ። እዩት እንግዲህ የሰውን ነገር፤ ጠዋት የተመኘኋትን ጠብታ ሳያት ነው አትሁን ያልሁት።

«ዳስሺያት፣ እማ» አለች ትርንጎ። ድምፅዋ ዝቅ ብሏል። «አንቺው ዳስሺያት።»

ተንበርክኬ በጣቴ ነካኋት። በሁለት ጣቴ አሸሁት። አሸተትሁት። ዝናብና ጭቃ ነው። የመንገዱ ውሃ ከጎማው ማቀፊያ ተንጠባጥቦ ነው።

«ውሃ ነው» አልሁ።

ከዚያም ለረጅም ጊዜ ጠበቅን። ሌላ ውሃ ወደቀ፤ ሌላም። ሁሉንም በየተራ እየተንበረከክሁ ዳሰስሁ። በመጨረሻ ጭንቅላቴን ከመኪናው ሥር አስገብቼ ቀለበቷ ያለችበትን በንጹሑ የነጠላዬ ጫፍ ጠረግሁና አወጣሁት። ነጠላው ነጭ ነበር።

አዱኛ ሙሽራዋን በማግሥቱ አመጣ። ትርንጎ ያን ማታ እኔ ዘንድ አድራ፣ ጠዋት እኔው ሚኒባስ አሳፈርኋት።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ በተለይ ልጅ ያላችሁ፤ ፍርሃቴ ለቀቀኝ ብዬ አልዋሻችሁም። አለ። ግን ልጄን ለመጠበቅ ብዬ ልበሳት የነበረችውን ቀዳዳ አስባታለሁ። እኔ ሳለቅስበት የኖርሁትን ሞት እሷ አሥራ አምስት ዓመት አገላብጣ አይታ፣ የጎደለው አንድ ድንጋይ መሆኑን አግኝታ ነበር። የኔ ፍርሃትና የእሷ ሙያ የተወለዱት ከአንዲት ቀትር ነው። ይህን ለማወቅ መኪና ሥር መግባት ነበረብኝ።

አሁን በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ እደውልላታለሁ። ኔትወርክ ካለ ታነሣለች። ደኅና ዋልሽ ወይ ከማለቴ በፊት አንድ ነገር እጠይቃታለሁ፤ «ድንጋዩን አድርገሻል?»

«አድርጌያለሁ፣ እማ» ትለኛለች።

ድምፅዋ ከመኪና ሥር እንደሚመጣ አውቀዋለሁ። በይ እሺ ብዬ ስልኩን ዘግቼ ወደ ገንቦዬ እመለሳለሁ።